የዲናሩ ፊት

ዲናርን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከወንጌል ነው። በወይን አትክልቱ ምሳሌ ሠራተኞቹ ለቀን ሥራቸው የተዋዋሉት በአንድ ዲናር ነው። ስለ ግብር በጠየቁት ጊዜ ክርስቶስ አሳዩኝ ያለውም ይህንኑ ሳንቲም ነው፤ የቄሳር ምስልና ጽሕፈት ነበረበት። ምስሉ እዚያ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው። ዲናር መመታት በጀመረ ጊዜ በሕይወት ያለ ሰው ፊት አልነበረበትም፤ ይኖርበታል ብሎ ያሰበም አልነበረም። ከመጀመሪያው ዲናር እስከ ቄሳር ዲናር ድረስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አለ። የሮም ሪፐብሊክ በአንድ ሰው እጅ የገባው በእነዚሁ ዓመታት ውስጥ ነው።

ይህን ለውጥ በጦርነቶቹ ወይም በአዋጆቹ መከታተል ይቻላል። እኔ በሳንቲሙ መከታተልን እመርጣለሁ። እያንዳንዱ እርምጃ በብር ላይ ተቀርጿል፤ ዛሬም በመዳፍ ላይ አስቀምጦ ማየት ይቻላል።

ዲናር ትንሽ ነው። ስፋቱ ከ18 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከእኛ አምስት ሳንቲም ጋር ቢያስተካክሉት ወይ እኩል ነው ወይ በጥቂቱ ያንሳል። ክብደቱ በአብዛኛው ዘመኑ አራት ግራም አይሞላም። ከመቶው ከ95 እጅ በላይ ንጹሕ ብር ነው። መጀመሪያ የተመታው በ211 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ገደማ፣ ሮም ከካርታጎው ጄኔራል ከሃኒባል ጋር በምትዋጋበት ጊዜ ነው። ያኔ ከአንድ የሮም ሊብራ ብር፣ ማለትም ከ324 ግራም ገደማ፣ 72 ዲናር ይወጣ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቁጥሩ 84 ሆነ፤ አንዱ ዲናር 3.9 ግራም ያህል መዘነ ማለት ነው። ይህ ልክ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጸና። አንባቢ ይህን 84 ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ብሩ ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር፤ ከምርኮ፣ ከግብር፣ ከማዕድን። ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ በስፔን፣ በአዲሲቱ ካርታጎ አጠገብ ባለው የብር ማዕድን 40,000 ሰዎች ይሠሩ እንደነበር፣ ማዕድኑም ለሮም በቀን 25,000 ድራክማ ያስገባ እንደነበር ጽፏል። ከዚህ በኋላ የምናያቸው ጥሩ ጥሩ ቅርጾች ሁሉ መሠረታቸው የእነዚያ ሰዎች ጉልበት ነው።

የመምታቱ ሥራ በሚዛን ይጀምራል። ብሩ ቀልጦ ክብ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘጋጃል። እያንዳንዱ ጠፍጣፋ ለብቻው ተመዝኖ አይስተካከልም፤ የሚጠበቀው ከአንድ ሊብራ 84 መውጣቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ዲናሮች ቢመዘኑ በአንድ ወይም በሁለት አሥረኛ ግራም ይለያያሉ፤ መቶ ሲሆኑ ግን ልኩ ይመጣል። ጠፍጣፋው ከመመታቱ በፊት በእሳት ይለሰልሳል።

ማተሚያዎቹ ሁለት ናቸው። የታችኛው በመስፍ ላይ ተተክሎ ይቆማል። የላይኛውን ሠራተኛው በእጁ ይይዘዋል። ብሩ በመካከል ይገባል፤ መዶሻው ይወርዳል። የሳንቲሙ ፊት፣ ማለትም ራስ ያለበት ወገን፣ በታችኛው ማተሚያ ላይ ይቀረጻል። መስፉ ስለሚደግፈው ዕድሜው ይረዝማል። የመዶሻውን ምት በቀጥታ የሚቀበለው የላይኛው ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለአንድ የፊት ማተሚያ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ የጀርባ ማተሚያ ያስፈልጋል። አንዳንዴ የተመታው ሳንቲም ከላይኛው ማተሚያ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሠራተኛው ሳያስተውል ሌላ ብር አስገብቶ ሲመታ፣ አዲሱ ሳንቲም በአንዱ ወገን ራሱን ጎልቶ፣ በሌላው ወገን ያንኑ ራስ ተገልብጦና ሰርጉዶ ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያሉት ሳንቲሞች ዛሬም ይገኛሉ። ለእኔ ከደህናዎቹ ይልቅ ብዙ ይነግሩኛል፤ የሥራው ፍጥነት ይታይባቸዋል።

ቀራጩ የሚሠራው ሁሉን በግልባጩ ነው። በሳንቲሙ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ጉንጭ በማተሚያው ላይ ጥልቁ ጉድጓድ ነው። ፀጉሩ በቀጭን መሮ ተቆፍሮ የሚወጣ መስመር ነው። ጽሑፉ ተገልብጦ ይጻፋል። የፊደሎቹ ቁመት ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። በብዙ ዲናሮች ላይ የእያንዳንዱ ፊደል ጫፍ በትንሽ ነጥብ ያበቃል፤ ቀራጩ መጀመሪያ ነጥቦቹን ወግቶ ኋላ በመስመር ያያይዛቸዋል። ዙሪያውን የሚከበው የነጥብ ቀለበት ደግሞ ምቱ መሀል መውደቁን ለማወቅ ይጠቅማል። ቀለበቱ በአንድ በኩል ከጎደለ ብሩ ሲመታ ዘንበል ብሎ ነበር ማለት ነው።

የእነዚህን መሣሪያዎች መልክ የምናውቀው ከራሱ ከሳንቲሙ ነው። በ46 ቅ.ል.ክ. የሳንቲም ሹም የነበረው ቲቶ ካሪሲዮስ ባስመታው ዲናር ጀርባ ላይ ማተሚያዎቹን፣ ጉጠቱንና መዶሻውን አስቀርጿል። በፊቱ ያለችው ጁኖ ሞኔታ ናት፤ የሮም ሳንቲም መምቻ ቤት በካፒቶል ኮረብታ ላይ፣ ከቤተ መቅደሷ አጠገብ ነበር። አንድ ሰው በመዶሻ መቺነት ሥራ ላይ ሆኖ የመዶሻን ምስል በብር ላይ ሲመታ አስቡት። መዶሻው በሳንቲሙ ላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ እጀታውና ራሱ ግን ልካቸውን ጠብቀዋል።

ጠርዙንም መርሳት አይገባም። አንዳንድ ዲናሮች ዙሪያቸውን እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጡ ናቸው። እያንዳንዱ ቁርጥ በመሮ፣ በእጅ፣ ተራ በተራ የተሠራ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ ጀርመኖች እነዚህን ጥርሳማ ዲናሮች ከሌሎቹ አስበልጠው ይወዱ እንደነበር ጽፏል። በሌሎች ዲናሮች ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ማተሚያ የራሱ ቁጥር አለው፤ ከአንድ ተነሥተው እስከ መቶዎች ይዘልቃሉ። የትኛው ማተሚያ መቼ ከሥራ እንደወጣ የሚቆጣጠር ሰው ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያዙት ሦስት ወጣት ሹማምንት ናቸው። ሹመታቸው ለአንድ ዓመት ነው፤ የማዕረጋቸው ስም መዳብ፣ ብርና ወርቅ የሚያቀልጡና የሚመቱ ሦስቱ ሰዎች ይላል። በሮም ወደ ቆንስልነት የሚያደርሰው የሹመት መሰላል የታችኛው እርከን ላይ ነበሩ። ሪፐብሊኩ ሁሉን ሥልጣን የሚሰጠው እንዲህ ነው፤ ለአንድ ዓመት፣ ከጓደኛ ጋር። ቆንስሎች ሁለት ናቸው፤ የሳንቲም ሹማምንት ሦስት ናቸው። ብቻውን የሚሾመው ዲክታተሩ ነው፤ እሱም በችግር ጊዜ፣ ለስድስት ወር።

የመጀመሪያዎቹ ዲናሮች ይህንኑ ይመስላሉ። በፊቱ ሮማ አለች፤ ክንፍ ያለው የራስ ቁር የደፋች፣ የከተማይቱ አምሳል። ከኋላዋ የዋጋው ምልክት ተቀርጿል፤ ዲናሩ አሥር የመዳብ አስ ያወጣ ስለነበር የሮማውያን አሥር ቁጥር። በጀርባው ሁለቱ መንትያ አማልክት ጦር ይዘው በፈረስ ይጋልባሉ። ከታች ሮማ ተብሎ ተጽፏል። የሹሙ ስም የለም። ቀስ በቀስ ትንሽ ምልክት ወይም ሁለት ሦስት ፊደል ከፈረሶቹ ሥር መግባት ጀመረች። በኋላ ስሙ ሙሉ ሆነ። ከዚያ መንትዮቹ ወጥተው ሹሙ የመረጠው ምስል ገባ። እያንዳንዱ ለውጥ በራሱ ትንሽ ነው። ብሩ ያው፣ ክብደቱ ያው፣ ሮማም በፊቱ ላይ ያው ናት።

ወጣቶቹ የመረጡት አያቶቻቸውን ነው። የሮም ሹመት በምርጫ ስለነበረ የቤተ ሰብ ዝና ድምፅ ያመጣል። ስለዚህ በዲናሩ ጀርባ የአያት ድል፣ የአያት ሕግ፣ አያት ያሠራው ድልድይ ይታይ ጀመር። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ልዩ አድርጌ አያለሁ። በ54 ቅ.ል.ክ. የሳንቲም ሹም የነበረው ወጣቱ ማርቆስ ዩንዮስ ብሩተስ ነው። በፊቱ ሊበርታስን፣ የነጻነትን አምላክ፣ አስቀረጸ። በጀርባው አራት ሰዎች ወደ ግራ ይራመዳሉ። መጀመሪያ አገልጋይ፣ ከዚያ በትረ ሥልጣኑን የያዘ አጃቢ፣ ከዚያ ቆንስሉ፣ ከዚያ ሌላ አጃቢ። ቆንስሉ እንደ ሮማውያን ትውፊት በ509 ቅ.ል.ክ. የመጨረሻውን ንጉሥ ከከተማይቱ ያስወጣው የጥንቱ ብሩተስ ነው። አራት ሙሉ ሰዎች፣ ከነልብሳቸው እጥፋት፣ በ18 ሚሊ ሜትር ውስጥ ገብተዋል። እግሮቻቸው የሚቆሙበት መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ ከመስመሩ ሥር ብሩተስ ተብሎ ተጽፏል። ስሙ የአያትም የልጅ ልጅም ነው፤ ቀራጩ ሁለቱን በአንድ ቃል አስገባቸው።

በዚህ መሐል ሌላ ነገር እየገባ ነበር። ሮም ሩቅ አገር ስትዋጋ ሠራዊቱ ለዓመታት ከአንድ ጄኔራል ጋር ይቆያል። ደመወዙን፣ ምርኮውን፣ ሲሰናበትም መሬቱን የሚጠብቀው ከዚያው ሰው ነው። ጄኔራሉም በዘመቻ ላይ ሆኖ ሳንቲም ያስመታል። በ82 ቅ.ል.ክ. ለጄኔራሉ ለሱላ በተመታው ዲናር ፊት ላይ ሮማ አሁንም አለች። በጀርባው አራት ፈረሶች የሚጎትቱት የድል ሠረገላ ይሄዳል፤ በሠረገላው ላይ የቆመው ራሱ ሱላ ነው። ቁመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ፊቱ አይለይም። ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከሥሩ በተጻፈው ስም ነው። በሕይወት ያለ ሮማዊ በሮም ሳንቲም ላይ እንዲህ ገባ፤ በጀርባ በኩል፣ በትንሽ መጠን፣ ፊቱ ሳይታይ። ሱላ በዚያው ዓመት ያለ ጊዜ ገደብ ዲክታተር ሆነ። ሁለቱን በአንድ ላይ ሳያቸው የቀራጩ መጠንቀቅ ይገርመኛል።

ዩልዮስ ቄሳር በ49 ቅ.ል.ክ. ሠራዊቱን ይዞ የሩቢኮንን ወንዝ ተሻገረ። ሮም ሲደርስ በሳቱርን ቤተ መቅደስ የነበረውን የመንግሥት ግምጃ ቤት ከፈተ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደጻፈው 15,000 የወርቅ ጡብ፣ 30,000 የብር ጡብና 30 ሚሊዮን ሴስተርስ አወጣ። የወታደሩን ደመወዝ እጥፍ አደረገው፤ የአንድ የሌጌዎን ወታደር የዓመት ክፍያ 225 ዲናር ሆነ። በዚያ ጊዜ ያስመታው ዲናር በፊቱ እባብ የሚመስል ነገር የሚረግጥ ዝሆን አለው። ከዝሆኑ ሥር ቄሳር ተብሎ ተጽፏል። ሮማ የለችም። የሹሙ ስምም የለም። ቀራጩ የዝሆኑን ቆዳ መጨማደድ በአጫጭር መስመሮች አሳይቶታል፤ የፊት እግሩ ሲነሣ ትከሻው አብሮ ይነሣል።

ፊቱ ራሱ የመጣው በ44 ቅ.ል.ክ. መጀመሪያ ነው። ሴኔቱ የቄሳር ምስል በሳንቲም ላይ እንዲሆን ፈቀደ። የሳንቲም ሹማምንቱም በእሱ ዘመን ከሦስት ወደ አራት ከፍ ብለው ነበር። የእነርሱ ስም አሁን በጀርባው ነው፤ ሴፑልዮስ ማኬር፣ ኤሚልዮስ ቡካ፣ ሜትዮስ፣ ኮሱትዮስ። በጀርባው የቆመችው ቬነስ ናት፤ የቄሳር ቤተ ሰብ የዘር ሐረጉን ከእሷ ይቆጥር ነበር። በመዳፏ ትንሽ የድል አምላክ ይዛለች። በፊቱ ያለው ሰው ያማረ አይደለም። አንገቱ ቀጭንና ረጅም ነው፤ የቆዳው እጥፋት በጥልቅ አግድም መስመሮች ተቆፍሯል። ማንቁርቱ ጎልቶ ይታያል። ጉንጩ ገብቷል። በራሱ ላይ ያለው የቅጠል ጉንጉን ወፍራም ነው፤ ሮማዊው ጸሐፊ ሱኤቶንዮስ ቄሳር ከተሰጡት ክብሮች ሁሉ ጉንጉን የመድፋቱን መብት ይወደው የነበረው ራሱ በራ ስለነበረ ነው ይላል። ሮማውያን ለአረጋውያን ፊት አክብሮት ነበራቸው፤ መጨማደድ የአገልግሎት ምስክር ነው። ቀራጩ ይህን የሪፐብሊኩን ልማድ ጠብቆ ነው ሪፐብሊኩ የማያውቀውን ነገር የቀረጸው። በጽሑፉ ላይ ያለው ማዕረግ የዕድሜ ልክ ዲክታተር ይላል።

እነዚህ ዲናሮች በችኮላ ተመተዋል። ቄሳር በጳርቴ ላይ ሊዘምት ነበርና ደመወዝ ያስፈልግ ነበር። ብዙዎቹ ከመሀል የወጡ ናቸው፤ የጽሑፉ ግማሽ ከጠርዙ ውጭ ቀርቷል። የዕድሜ ልክ የሚለው ቃል ተቆርጦ የቀረባቸውም አሉ። ማርች 15 ቀን ቄሳር ተገደለ።

ከገዳዮቹ አንዱ ብሩተስ ነው፤ ያ በ54 ሊበርታስን ያስቀረጸው። በ42 ቅ.ል.ክ. በምሥራቅ ከሠራዊቱ ጋር ሳለ ያስመታው ዲናር፣ በእኔ ግምት፣ ከሮም ሳንቲሞች ሁሉ በአቀማመጡ የተሳካው ነው። ጀርባው ላይ ሦስት ዕቃዎች ብቻ አሉ። በመካከል ቆብ፤ ነጻ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ክብ ቆብ። በግራና በቀኝ ሁለት ጩቤዎች፣ ጫፋቸው ወደ ታች። ከሥር የማርች ኢደስ፣ ማለትም ማርች 15፣ የሚል ቀን በስድስት ፊደል አጥሮ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም። ሁለቱ ጩቤዎች ቀረብ ተብለው ሲታዩ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ እጀታቸው ይለያያል። የሁለት ሰዎች ጩቤዎች ናቸው፤ ብዙዎች የብሩተስና ከእሱ ጋር ካሴሩት የአንዱ፣ የካሲዮስ፣ ይሏቸዋል። በዙሪያቸው የተተወው ባዶ ቦታ ሰፊ ነው። ሌላ ቀራጭ ቢሆን አምላክ ወይም ጉንጉን ያስገባበት ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ካሲዮስ ዲዮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲጽፍ ይህን ሳንቲም ለይቶ ገልጾታል፤ በጥንት ጽሑፍ እንዲህ ተለይተው የተገለጹ ሳንቲሞች ጥቂት ናቸው።

አሁን ፊቱን ገልብጡት። በፊቱ ያለው ብሩተስ ነው። ጺሙ አጭር፣ አገጩ የወጣ፣ ጽሑፉ ብሩተስ ኢምፔራቶር የሚል። ከሁለት ዓመት በፊት በቄሳር ላይ እንደ ንጉሥ ነገር የታየው ይኸው ነበር። ቄሳርን ስለ ሪፐብሊኩ ብሎ የገደለው ሰው ለሠራዊቱ ለመክፈል የራሱን ፊት በብር ላይ አስመታ። ወታደሩ ደመወዙን የሚቀበለው ከማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፤ ብሩተስም ይህን ያውቃል። በእኔ እምነት ሪፐብሊኩ ሊመለስ እንደማይችል ከየትኛውም ንግግር ይልቅ ይህ ሳንቲም በግልጥ ያሳያል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ብሩተስ በፊልጵስዩስ ተሸንፎ ራሱን ገደለ።

አሸናፊዎቹ አንቶንዮስና የቄሳር ወራሽ ኦክታቪያን ነበሩ፤ ኋላ ግን እርስ በርሳቸው ተጣሉ። አንቶንዮስ በምሥራቅ፣ በ32 እና በ31 ቅ.ል.ክ.፣ ለሌጌዎኖቹ ዲናር አስመታ። በፊቱ የጦር መርከብ፣ በጀርባው በሁለት ዓላማዎች መካከል የሌጌዎኑ ንስር፣ ከሥሩ የሌጌዎኑ ቁጥር። ሥራው ቀላልና ንጹሕ ነው፤ መቅዘፊያዎቹ በእኩል ርቀት የተሰመሩ መስመሮች ናቸው። ብሩ ግን ከተለመደው በጥቂቱ አንሷል። ሕዝብ ይህን ዐወቀ። ደህናውን ዲናር አስቀመጠ፤ የአንቶንዮስን አወጣው። ስለዚህ እነዚህ ሳንቲሞች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በገበያ ቆዩ፤ ዛሬ የሚገኙት ብዙዎቹ ከመዳፍ መዳፍ ሲያልፉ መርከቡ ጠፍቶ ልሙጥ የሆኑ ናቸው። በሌላ ዲናሩ ላይ አንቶንዮስ በአንድ ወገን፣ ክሊዮፓትራ በሌላው ወገን አሉ። የባዕድ ንግሥት ምስልና ማዕረግ በሮም ዲናር ላይ መውጣቱ ለኦክታቪያን ትልቅ መሣሪያ ሆነለት። በ31 ሴፕቴምበር 2 ቀን በአክቲዩም ባሕር አንቶንዮስን ድል አደረገ።

የኦክታቪያን ቀራጮች የወሰዱት መንገድ ሌላ ነው። በዚያ ጊዜ ከተመቱት ዲናሮች አንዱን ውሰዱ። በፊቱ ራስ ብቻ አለ። ጽሑፍ የለም። ጉንጉን የለም። የሹም ስም የለም። አንገቱ ለስላሳ ነው፤ የቄሳር መጨማደድ የለበትም። ፀጉሩ በግንባሩ ላይ በአጫጭር ዘለላዎች ይወርዳል። ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አብዛኛውን ቦታ ይዟል፤ ከነጥቡ ቀለበት ጋር ግን አይነካካም። በዙሪያው የቀረው ባዶ ብር እኩል ነው። ይህ የግሪክ ቀራጮች ለአማልክት የሚጠቀሙበት አሠራር ነው። ስሙ በጀርባው፣ ከአንድ ቆሞ ከሚታይ ምስል ግራና ቀኝ ተከፍሎ ይገኛል፤ ቄሳር፣ የመለኮታዊው ልጅ። በኑዛዜው ልጁ ያደረገው ዩልዮስ ቄሳር በ42 ከአማልክት ተቆጥሮ ነበርና። በብሩተስ ፊት ዙሪያ ስም ማስፈለጉን፣ በዚህ ፊት ዙሪያ አለማስፈለጉን አስተውሉ። ኦክታቪያን ወደ 76 ዓመት ሲቃረብ ነው የሞተው። በሳንቲሙ ላይ ግን ከሠላሳ ዓመቱ አላለፈም።

በ28 ቅ.ል.ክ. የተመታ አንድ የወርቅ ሳንቲም አለ፤ አንዱ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በጀርባው ኦክታቪያን የሮም ሹማምንት በሚቀመጡበት ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የለበሰው የጦር ልብስ ሳይሆን ቶጋ ነው። በእጁ የተጠቀለለ ብራና ይዟል፤ ከእግሩ አጠገብ የብራና ማስቀመጫ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ሆኖም ሣጥን መሆኑ ይለያል። ጽሑፉ የሮምን ሕዝብ ሕጎችና መብቶች መለሰ ይላል። በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ 13 ቀን ሥልጣኑን ሁሉ ለሴኔቱና ለሕዝቡ መመለሱን አስታወቀ። ሴኔቱ ስፔንን፣ ጋልንና ሶርያን ለአሥር ዓመት እንዲያስተዳድር መልሶ ሰጠው፤ አብዛኞቹ ሌጌዎኖች ያሉት በእነዚህ አገሮች ነው። ከሦስት ቀን በኋላ አውግስጦስ የሚለውን ስም ሰጠው። በ23 ቆንስልነቱን ተወ፤ በምትኩ የሕዝብ ጠበቃነት ሥልጣንን ያለ ወንበሩ፣ ለዕድሜ ልክ ተቀበለ።

የዚህ አሠራር መገጣጠም መታየት ያለበት በዝርዝሩ ነው። አዲስ የተፈጠረ ወንበር የለም። ቆንስሎች በየዓመቱ ይመረጣሉ። ሴኔቱ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ሥልጣን በሪፐብሊኩ ዘመን የነበረ ነው፤ አዲሱ ነገር ሁሉም በአንድ ሰው ላይ መደረባቸውና ጊዜው አለማለቁ ነው። ሱላና ቄሳር ዲክታተር የሚለውን ቃል ተጠቅመው ነበር፤ አውግስጦስ ሕዝቡ ሊሰጠው ሲፈልግ እንቢ አለ። ዲናሩም እንዲሁ ነው። ከአንድ ሊብራ 84 ይወጣል። ብሩ ንጹሕ ነው። የአንቶንዮስን ቀላል ብር ያየ ወታደር የአውግስጦስን ሲቀበል ሚዛኑ እንዳልጎደለ ያውቃል። ያ ልክ የተነካው ኔሮን በ64 ዓ.ም. ከአንድ ሊብራ 96 እንዲወጣ ባደረገ ጊዜ ነው። በአውግስጦስ የመዳብ ሳንቲሞች ጀርባ መሐል ደግሞ በሴኔቱ ውሳኔ የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለት ፊደሎች ብቻቸውን፣ ትልቅ ሆነው ተቀረጹ። ሴኔቱ በብር ላይ እንዲህ ጎልቶ አያውቅም ነበር።

ዲናሩ ከግዛቱ ውጭም ተጉዟል፤ በእኛም ዳርቻ ታይቷል። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ፣ ፔሪፕለስ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል በዚያ ለሚቀመጡ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር ይጠቅሳል። አክሱም የራሷን ሳንቲም የጀመረችው በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በእንዱቢስ ዘመን ነው፤ የወርቁ ክብደት ከሮም ልክ ጋር እንዲገጥም ተደርጎ። እንዱቢስ ምስሉን በወርቁ በሁለቱም ወገን አስቀረጸ። ንጉሥ ነውና መደበቅ አላስፈለገውም። በኋላ የመጡት የአክሱም ቀራጮች በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ቀጭን ወርቅ አስገብተዋል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ፣ በአንዱ ወገን ብቻ። ሮም ይህን ሥራ በሳንቲሞቿ ላይ አልሞከረችውም። የሮሙን ዲናር ለማድነቅ የተቀመጠ አንባቢ የአክሱሙንም አጠገቡ ቢያስቀምጥ አያፍርም።

ወደ ሮም ሹማምንት ልመለስ። በ19 ቅ.ል.ክ. ገደማ የሳንቲም ሹማምንቱ፣ ዳግመኛ ሦስት ሆነው፣ በሮም እንደገና ስማቸውን ማስቀረጽ ጀመሩ። ደስ የሚሉ ሥራዎች ናቸው። አኩዊልዮስ ፍሎሮስ የተባለው በጀርባው አንድ የፈካ አበባ ከላይ እንደሚታይ አድርጎ አስቀርጿል፤ ስሙ ከአበባ ጋር ይዛመዳልና። የአበባው ቅጠሎች በእኩል ማዕዘን ተከፍለዋል፤ ስሙ በዙሪያው ይዞራል። ፔትሮንዮስ ቱርፒልያኖስ ደግሞ በፊቱ ፌሮንያ የተባለችውን አምላክ፣ በጀርባው ተንበርክኮ የጦር ዓላማ የሚመልስ የጳርቴ ሰው አስቀረጸ፤ ጳርቴዎች የማረኳቸውን የሮም ዓላማዎች በ20 ቅ.ል.ክ. መልሰው ነበር። በዚህ ዲናር ላይ አውግስጦስ በስሙ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ መቶ ዓመት በፊት የተመታ የቤተ ሰብ ዲናር ይመስላል። ይህ ግን ብዙ አልቆየም። ከ15 ቅ.ል.ክ. ገደማ ጀምሮ የወርቅና የብር ምት ወደ ሉግዱኑም፣ ወደ ዛሬዋ ሊዮን፣ ተዛወረ። በዚያ የሹም ስም አይጻፍም። በሮም በብርና በወርቅ ላይ የሹማምንት ስም ከ12 ገደማ በኋላ አይታይም፤ በመዳብ ላይ ጥቂት ቆይቶ ከ4 ገደማ በኋላ አይታይም።

ሹመቱ አልተሻረም። መዳብ፣ ብርና ወርቅ የሚያቀልጡና የሚመቱ ሦስቱ ወጣቶች እስከ ሦስተኛው መቶ ዓመት ድረስ መሾማቸውን የድንጋይ ጽሑፎቻቸው ይመሰክራሉ። በሳንቲም ላይ ግን የአንዳቸውም ስም ዳግመኛ አልተቀረጸም።